«ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ»፦ ጎልፍ ለመጀመር ላሰባችሁ፣ ላላሰባችሁም

ጎልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርኩ ቀን ኳሷን ሳትኳት። ልብ በሉ፣ የጎልፍ ኳስ አትሮጥም፤ የሚወረውራትም የለም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀው። እኔ ግን ዱላውን ባለ በሌለ ኃይሌ ሰንዝሬ አየር መታሁ። ደገምኩ፤ አሁንም አየር። በሦስተኛው ጫፏን ነካኋትና እንደ ብይ ተንከባላ ሦስት ሜትር ያህል ሄዳ ቆመች።

ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ቀስ ብዬ ግራና ቀኜን ቃኘሁ። በግራዬ አንድ ሽማግሌ፣ በቀኜ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ከየራሳቸው ኳስ ጋር ትግል ላይ ናቸው። ያየኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እዚያ ያመጡኝ ጋሼ። እሳቸውም ከቴርሞሳቸው ቡና እየቀዱ፣ «ጥሩ ነው። አሁን ኳሷ መምጣትሽን አውቃለች» አሉኝ።

ይህ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለ አንድ የልምምድ ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ ስለ ጎልፍ የምጽፍላችሁ ጎበዝ ተጫዋች ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። አይደለሁም። ለጀማሪ ምክር የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ጀማሪነት ምን እንደሚመስል የረሱ ሰዎች ናቸው። እኔ ገና አልረሳሁትም።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። የጎልፍ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ 18 ጉድጓዶች አሉት። ከመነሻው ተነስታችሁ ኳሷን በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ጉድጓዱ ውስጥ ማስገባት ነው። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጎበዝ ተጫዋች ይፈጅበታል ተብሎ የተቀመጠ የምት ብዛት አለ፤ ፓር ይባላል። ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ነው። የ18ቱ ድምር 72 ገደማ ይሆናል። ትንሽ ምት የመታ ያሸንፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

እንዴት እዚያ ደረስኩ?

ወደ አሜሪካ ስመጣ የነርስነት ዲግሪዬን ይዤ ነው። እዚህ በሙያው ለመሥራት ግን የፈቃድ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ቀን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራሁ፣ ማታ እያጠናሁ ቆየሁና ተፈተንኩ። ወደቅኩ።

ከ45 ቀን በኋላ እንደገና መፈተን ይቻላል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ፈተናው አልነበረም፤ «ለሰው ምን ብዬ ልንገር?» የሚለው ነው። እናቴ በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ ትደውላለች። «ፈተናው እንዴት ሆነ?» ስትለኝ፣ «ገና ነው እማዬ፣ ቀን አልሰጡኝም» እላታለሁ። ጓደኞቼ ሲጠይቁኝም ያው «ገና ነው» ነው። ውሸቷ ትንሽ ነበረች፤ ግን በየሳምንቱ ቀለብ ትፈልጋለች። በመጨረሻ ስልክ ማንሳቱንም ተውኩት። ኑሮዬ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ሆነ።

ጋሼ የአጎቴ ጓደኛ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው። ጎልፍ የለመዱት በታክሲ ዘመናቸው ነው። ከናሽናል ኤርፖርት ወንዙን ተሻግሮ ኢስት ፖቶማክ የሚባል የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ አለ። ሥራ ሲቀዘቅዝ እዚያ ጎራ ይሉና አንድ ባልዲ ኳስ ገዝተው ይመታሉ። «ጓደኞቼ ተራ እስኪደርሳቸው ካርታ ይጫወቱ ነበር» ይላሉ። «ካርታ ላይ ሰው ይበላኛል፤ ጎልፍ ላይ ግን የምበላው ራሴን ነው።»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኩ። «አጎትሽ ስልክ አታነሳም ብሎኛል። ሸራ ጫማሽን አድርጊና ነይ» አሉ። ወዴት እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ ተከተልኳቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ አንብባችኋል፤ አየር መታሁ።

ማንም አያያችሁም

ይሉኝታ መጥፎ ነገር አይደለም። ለታላቅ ከመቀመጫ ያስነሳናል፣ ለእንግዳ ያለንን ያስቀርበናል። አዲስ ነገር ልንጀምር ስንል ግን እግራችንን ጠርንፎ የሚይዘውም እሱ ነው። እንግሊዝኛ ለመናገር፣ ዋና ለመማር፣ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስንነሳ «ምን ይሉኛል?» ከፊታችን ቀድሞ ይቆማል።

ጎልፍ ላይ ይህ ነገር ይብሳል። እግር ኳስ ላይ ብትሳሳቱ በ22 ሰው መሃል ትደበቃላችሁ። ጎልፍ ላይ ግን ተራው የእናንተ ሲሆን ሁሉም ዝም ይላል። ነፋሱ ሳይቀር ዝም ያለ ይመስላችኋል። ጀማሪ ሰው ያንን ዝምታ «እየፈረዱብኝ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዝም የሚሉት ሥርዓቱ ስለሆነ ነው። አጠገባችሁ የቆመው ሰው በልቡ የሚያስበው ከአምስት ደቂቃ በፊት ኩሬ ውስጥ ስለከተታት የራሱ ኳስ ነው። የእናንተን ምት ማታ እራት ላይ አያነሳውም። የራሱን ግን ያነሳል፤ ሚስቱ እስኪሰለቻት።

ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። በቴሌቪዥን የምታዩዋቸው፣ ጎልፍ እንጀራቸው የሆነ የፒጂኤ ቱር ተጫዋቾች ከጉድጓዱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ርቀው ከሚመቱት ኳስ ግማሽ ያህሉን ይስታሉ። ሁለት ሜትር ተኩል ማለት የአንድ አነስተኛ መኝታ ቤት ስፋት ነው። እነሱ ከዚያ ሲስቱ፣ እኔ በሦስተኛው ቀኔ ብስት ምን ይገርማል?

ዱላ ለመግዛት አትቸኩሉ

የጀማሪ የመጀመሪያው ስህተት ኪሱ ላይ ነው የሚፈጸመው። ሱቅ ገብቶ ሙሉ ቦርሳ ዱላ፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ ነጭ ሱሪ ይገዛና ከአንድ ወር በኋላ ሁሉም አልጋ ሥር ይገባል።

ሕጉ አንድ ተጫዋች እስከ 14 ዱላ መያዝ ይችላል ይላል። ይችላል እንጂ አለበት አይልም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሦስት ይበቃችኋል። አንደኛው 7 ቁጥር አይረን ነው፤ ለመካከለኛ ርቀት የሚሆን፣ ለመማር የሚመች ዱላ። ሁለተኛው ዌጅ ነው፤ ኳሷን ከቅርብ ከፍ አድርጎ የሚጥል። ሦስተኛው ፐተር ነው፤ ግሪን በሚባለው፣ ጉድጓዱ ባለበት አጭር ሣር ላይ ኳሷን የሚያንከባልል። ሦስቱንም ያገለገለ ግዙ፤ ወይም ተዋሱ። ድራይቨር የሚባለው ረጅሙ ዱላ ያምራል፣ ድምፁም ደስ ይላል፤ ግን ጀማሪን የሚያዋርድ እሱ ነው። ይቆያችሁ።

ኳስም አዲስ አትግዙ። ከኩሬ ተለቅመው ታጥበው የሚሸጡ አሉ። ለማንኛውም ወደ ኩሬው መመለሳቸው አይቀርም።

ስልካችሁን በተመለከተ ደግሞ ትንሽ ጠንከር ልበል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ በዩቲዩብና በቲክቶክ የጎልፍ ቪዲዮ ሳይ አደርኩ። አንዱ ጉልበትሽን እጠፊ ይላል፣ ሌላው አትጠፊ። አንዱ ቀኝ ክርንሽን አስጠጊ ይላል፣ ሌላው ስለ ግራ ትከሻ ያወራል። ሜዳ ላይ ስደርስ ጭንቅላቴ ውስጥ አሥራ ሁለት አስተማሪ እየተጨቃጨቀ ነበር። ጋሼ ይህን ሲያዩ ደንብ አወጡልኝ፦ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ። ስልኩን ለሌላ ጥቅም አውሉት። ወገባችሁ ከፍታ ላይ፣ ከጎን በኩል አስቀምጡትና ራሳችሁን በዝግታ ቅረጹ። የምታስቡት እንቅስቃሴና በእርግጥ የምታደርጉት ምን ያህል እንደሚራራቁ ስታዩ ትስቃላችሁ። እኔ ስቄያለሁ።

ሲኒ እንደ መያዝ

ጋሼ ያረሙኝ መጀመሪያ አያያዜን ነው። «ዱላውን እንደ መጥረቢያ አንቀሽ ይዘሽዋል» አሉኝ። «ቡና የሞላ ሲኒ ለእንግዳ ስታቀርቢ እንዴት ነው የምትይዢው? አይወድቅብሽም፣ ግን አታንቂውም። እንደዚያ ያዢው።» እጅ ሲጨብጥ ክንድ ይደርቃል፤ ክንድ ሲደርቅ ትከሻ ይቆለፋል። እጃችሁን ስታላሉ ዱላው በራሱ ክብደት ይወዛወዛል።

ሁለተኛው ትምህርት አየር የመታሁበትን ምክንያት ገለጸልኝ። እኔ ኳሷን ከሥር ገብቼ ወደ ላይ ላነሳት ነበር የምሞክረው። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ኳሷ እንድትበር ከተፈለገ መነሳት አለባት ብሎ ያስባላ! ግን የዱላው ፊት ራሱ ወደ ኋላ ዘንበል ተደርጎ ነው የተሠራው። የ7 ቁጥር አይረን ፊት 30 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። ኳሷን ማንሳት የዱላው ሥራ ነው። እናንተ ለማንሳት ስትሞክሩ ደረታችሁ ቀና ይላል፣ እጃችሁ አብሮ ይነሳል፣ ዱላው ከኳሷ በላይ ያልፋል። ወደ ታች ምቱ። ዱላው መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ ሣሩን ይንካ። ወደ ታች ስትመቷት ወደ ላይ ትወጣለች። እስኪያዩት ድረስ የማይታመን ነገር ነው።

ሦስተኛው፣ በግማሽ ኃይል ምቱ። ዱላውን እስከ ወገባችሁ ብቻ ወደ ኋላ ወስዳችሁ እስከ ወገባችሁ ወደ ፊት አምጡት። እሱ ሲስተካከል ቀስ በቀስ ጨምሩ። በልምምድ ሜዳ ላይ አንድ ባልዲ ኳስ በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚጨርስ ሰው ላብ እንጂ ትምህርት አይወጣውም። ለእያንዳንዷ ኳስ ዒላማ ምረጡ፤ አንድ ዛፍ፣ አንድ ባንዲራ። መታችሁ፣ የሄደችበትን አይታችሁ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ እንደገና ቁሙ። እንደዚህ የተመቱ ሠላሳ ኳሶች በጥድፊያ ከተመቱ መቶ ይበልጣሉ።

ከጉድጓዱ ጀምሩ

ይህን ማንም አይነግራችሁም፣ ብትሰሙትም አይጥማችሁም። ፓሩ 72 በሆነ ሜዳ ላይ ስሌቱ የተሠራው በእያንዳንዱ ግሪን ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ በፐተር ትመታላችሁ ተብሎ ነው። 18 ጊዜ ሁለት 36 ነው። የ72 እኩሌታ! ኳሷን ሩቅ መምታት የሚያስጨበጭብ ነገር ነው፤ ውጤታችሁን የሚወስነው ግን መሬት ለመሬት የምትንከባለለው ምት ናት።

ደስ የሚለው ነገር፣ ለዚህ ሜዳ አያስፈልግም። የጎልፍ ጉድጓድ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኳሷ 43 ሚሊ ሜትር ገደማ። ምንጣፍ ላይ አንድ ብርጭቆ አጋድማችሁ ከአንድ ሜትር ምቱ። አሥር ተከታታይ ካስገባችሁ አንድ እርምጃ ራቁ። አዲስ አበባም የጎልፍ ሜዳ አላት፤ ወደዚያ የመሄድ ዕድሉ ያላችሁም ብትሆኑ መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ ጀምሩ። ሳሎን ውስጥ «ምን ይሉኛል?» የለም። ታናሽ ወንድም ካላችሁ ግን ዋስትና አልሰጥም።

ሜዳ ስትገቡ

በጎልፍ ሜዳ ላይ ሰው የሚቆጣው መጥፎ በሚመታ አይደለም፤ በሚንቀራፈፍ ነው። ከኋላችሁ ሌሎች ተራ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ተራችሁ ሳይደርስ ዱላችሁን መርጣችሁ ተዘጋጁ። ሕጉ አንድን ምት በ40 ሴኮንድ ውስጥ መምታትን ይመክራል። የጠፋች ኳስ የምትፈለገው ለሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሕጉ ጠፍታለች። ከሁሉም ቅርብ ከሆነው መነሻ ጀምሩ፤ እዚያ መነሳት ነውር የለውም።

ጉድጓዱ አልቀመስ ካለ ደግሞ ማብቂያ አለው። ሃንዲካፕ ገና ላልያዘ ሰው በአንድ ጉድጓድ ላይ የሚመዘገበው ትልቁ ቁጥር ፓር ሲደመር አምስት ነው። ፓሩ አራት ከሆነ ዘጠኝ ማለት ነው። እዚያ ከደረሳችሁ ኳሷን አንሱና ወደ ቀጣዩ ሂዱ። ማንም አይቀየማችሁም፤ እንዲያውም ያመሰግኗችኋል።

ሌላው ሥርዓት የጨዋ ቤት ሥርዓት ነው። ሰው ሊመታ ሲል ዝም በሉ፤ ከፊቱም ከኋላው አትቁሙ። በሌላው ሰው ኳስና በጉድጓዱ መሃል ያለውን መስመር አትርገጡ። አሸዋ ውስጥ ከገባችሁ ስትወጡ ዱካችሁን በመጥረጊያው አስተካክሉ። የቦጨቃችሁትን ሣር ወደ ቦታው መልሱ። ኳሳችሁ ወደ ሰው ከሄደች ጉሮሯችሁ እስኪሰነጠቅ «ፎር!» ብላችሁ ጩኹ። ይሉኝታ የማይገባበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ

በልምምድ ሜዳ ሁለት ወር ያህል ከቆየሁ በኋላ ጋሼ ላንግስተን ወደሚባለው ሜዳ ወሰዱኝ። በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ያለ የዲሲ የሕዝብ ሜዳ ነው። የውጤት ካርዱንና እርሳሱን ለእኔ ሰጡኝና ጀመርን።

አንዱ ፓሩ አራት የሆነ ጉድጓድ ላይ ጉድ ሆንኩ። የመጀመሪያው ምቴ ዛፍ መታ። ሁለተኛው ከዛፉ ሥር አልወጣም። ሦስተኛው ወጣ፣ ግን ወደ ኋላ። ከዚያ አሸዋ ገባሁ፤ ከአሸዋው ለመውጣት ሁለት ጊዜ ፈጀብኝ። ግሪን ላይ ደርሼ ደግሞ ሦስት ጊዜ አንከባለልኳት።

ጋሼ ባንዲራውን እየመለሱ፣ «ስንት ሆነ?» አሉኝ።

«ስድስት» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው። ያን ያህል ለምዶብኝ ነበር።

ዝም ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። «ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ» አሉ።

እርሳሱን ይዤ ቀረሁ።

«ሽልማት የለኝ ልከለክልሽ፣ ቅጣት የለኝ ልቀጣሽ። ካርዱ ያንቺ ነው» አሉ። «ግን ዛሬ ስድስት ብለሽ ከጻፍሽ፣ የዛሬ ወር እውነተኛ ስድስት ስትመቺ በምን ትደሰቻለሽ?»

ዘጠኝ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው፣ «ጋሼ፣ ፈተናውን እኮ ወድቄያለሁ» አልኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ከወደቅኩ አራት ወር ሆኖኛል።

ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ እያነሱ፣ «እኔ የታክሲ ፈተናውን ሁለቴ ወድቄ ነው ያለፍኩት» አሉኝ። «ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ካለፍኩ በኋላ ነው። ያኔ ጎልፍ አልጀመርኩም ነበራ!» ትንሽ ዝም አሉና፣ «ነይ፣ ቀጣዩ በዚያ በኩል ነው።»

በጎልፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዳኛ አብሯችሁ አይዞርም። ምታችሁን የምትቆጥሩት ራሳችሁ ናችሁ፤ ቅጣት ካለም በራሳችሁ ላይ የምትጥሉት ራሳችሁ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1925 የአሜሪካ ኦፕን ውድድር ላይ ቦቢ ጆንስ የሚባለው ታላቅ ተጫዋች ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሱ ሣር ውስጥ ትንሽ ተንቀሳቀሰችበት። ሌላ ሰው አላየም። እሱ ግን ተንቀሳቅሳለች ብሎ በራሱ ላይ አንድ ምት ቅጣት አስቆጠረ። ውድድሩ በእኩል ውጤት አለቀ፤ በመለያው ጨዋታ ተሸነፈ። ያቺ አንድ ምት ባትኖር ዋንጫው የእሱ ነበር። ሰዎች ሲያደንቁት አልወደደውም ይባላል፤ ባንክ ስላልዘረፈ ሰውን ማመስገን ምን ይባላል በሚል ስሜት ነው የመለሰው።

የሃንዲካፕ አሠራሩም የቆመው በዚህ እውነት ላይ ነው። ሃንዲካፕ ደካማው ከጎበዙ ጋር እኩል እንዲፎካከር የሚሰጠው የምት ቅናሽ ነው። ከፍተኛው 54 ነው፤ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ምት እንደማለት። አያችሁ፣ ለማይችል ሰው ሕጉ ራሱ ቦታ አዘጋጅቶለታል። ቦታውን የሚያገኘው ግን ትክክለኛ ቁጥሩን የጻፈ ብቻ ነው። ዘጠኙን ስድስት ያለ ሰው የሚገባውን ቅናሽ በገዛ እጁ ይጥለዋል። እኔም ፈተናውን ስደብቅ የጣልኩት ይህንኑ ነው። አብሮኝ የሚያጠና፣ «አይዞሽ» የሚለኝ፣ እኔም ወድቄ ነበር የሚለኝ ሰው በሙሉ በአንዲት «ገና ነው» ከአጠገቤ ራቀ።

ሜዳውን ማን ከፈተው?

የዚያን ዕለት ማታ ስለ ላንግስተን በስልኬ ሳነብ አመሸሁ። የዋሽንግተን ጥቁሮች ከነጮች ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ ይደረግ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 አሥራ ሦስት ጥቁር ሴቶች ዌክ ሮቢን የሚባል የጎልፍ ክለብ አቋቋሙ። ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ለመንግሥት አቤቱታ አቀረቡ፣ ጎተጎቱ። በ1939 ላንግስተን በዘጠኝ ጉድጓድ ተከፈተ። 18 የሆነው በ1955 ነው። የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅደውን አንቀጽ የሰረዘው በ1961 ነበር። በ1975 በማስተርስ ውድድር ላይ የመጀመሪያው ጥቁር ተሳታፊ የሆነው ሊ ኤልደርም አንድ ወቅት ይህንኑ ላንግስተንን አስተዳድሯል።

ይህን አንብቤ ስጨርስ አፈርኩ፤ በጥሩ መንገድ። እነዚያ ሴቶች በሩ ተዘግቶባቸው ሲታገሉ፣ እኔ በሩ ተከፍቶልኝ «ምን ይሉኛል?» ብዬ ላፈገፍግ ነበር። እነሱን የከለከላቸው ሕግና ልማድ ነው። እኔን የከለከለኝ ማን ነው? ማንም።

አሥር እርምጃ

አንድ ምክር ብቻ ልጨምር፤ ከሁሉም የሚጠቅመኝ እሱ ነው። መጥፎ ምት አንድ ምት ነው። የሚጎዳው ግን ቀጣዩን ይዞ ሲሄድ ነው። ተናዳችሁ ስትመቱ እጃችሁ ይጨብጣል፤ ሲኒው ይሰበራል። ጋሼ ለዚህም ደንብ አላቸው፦ አሥር እርምጃ። ከመጥፎ ምት በኋላ አሥር እርምጃ እስክትሄዱ የፈለጋችሁትን ያህል ተናደዱ፣ አጉረምርሙ። በአሥራ አንደኛው ስለ ቀጣዩ ምት ብቻ አስቡ። መጀመሪያ ላይ የሕፃን ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሥራ ቦታም እጠቀምበታለሁ፤ ኮሪደሩ ለአሥር እርምጃ ይበቃል።

ከላንግስተን በተመለስኩ በማግስቱ እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ፈተናውን ወድቄያለሁ። ከወደቅኩ ቆየሁ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «በሞት ነው እንዴ ያስጨነቅሽኝ? ስልክ አላነሳ ስትይ ታመመች ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ!» ብላ ተቆጣች። ቁጣዋ ሲበርድ እንዴት ልናገር እንደቻልኩ ጠየቀችኝ። ስለ ጎልፍ ነገርኳት፤ በዱላ ኳስ እንደሚመታ፣ ሜዳው ሰፊ እንደሆነ።

«ታዲያ ገና ነው በይኝ!» አለች። «ወንድሞቼ ገጠር በገና ሰሞን ይጫወቱት የነበረ አይደል? ለሱ ነው አሜሪካ ድረስ የሄድሽው?» ሁለታችንም ሳቅን። ከአራት ወር በኋላ ከእናቴ ጋር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፈተናውስ? ሁለተኛውንም ወደቅኩ። ያንን ግን ውጤቱን ባየሁበት ማታ ነው ለሁሉም የነገርኳቸው። ሦስተኛውን አለፍኩ። ዛሬ ነርስ ነኝ።

ጎልፉስ? ባለፈው ቅዳሜ ላንግስተን ላይ 104 መታሁ። አንዱ ጉድጓድ ላይ ዘጠኝ አለበት፤ ተጽፏል። ብዙ ጀማሪ የሚመኘው ከ100 በታች መምታት ነው። ጋሼ፣ «መቼ ነው የምትገቢው?» እያሉ ይነተርኩኛል።

«ገና ነው» እላቸዋለሁ። ይኼኛው «ገና» እውነቴን ነው።